ለባቱ እንግዶች የተጋገረው ኬክ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ጎረቤታችን የሆነችው የልጅነት ጓደኛዬ በቆርቆሮው አጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ጠራችኝ። በማግስቱ ምሳ ላይ የእጮኛዋ እናትና አክስቶች ከባቱ ይመጣሉ፤ ቤታቸውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ኬክ ያዘዙበት ቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለሌለ መጋገር አልቻልኩም ብሏቸዋል።

«ያንን የድስት ኬክሽን ሥሪልኝ» አለችኝ። «እሱን በልተው እኔን እንቢ ማለት አይችሉም።»

ሳቀች እንጂ መፍራቷን አውቃለሁ። የልጁ እናት ጠንቃቃ ሃይማኖተኛ መሆናቸውንና በነገሩም ገና ልባቸው እንዳልሞላ ነግራኛለች። ለልጃቸው ያሰቧት ሌላ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ቶሎ እሺ ብዬ ኋላ የምጨነቅ ሰው ነኝ። እሺ አልኩ።

እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ እነሱ ሙስሊሞች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ሕግ ከልጅነቴ ጀምሮ ግልጽ ነበር። ሥጋ አጥሩን አይሻገርም፤ ሁሉም የየራሱን ያርዳል፣ የየራሱን ይበላል። ሌላው ግን ሁሉ ይሻገራል። ዳቦው፣ ሽሮው፣ ሻዩ፣ ቆሎው። የጓደኛዬን እናት እንደ ልጆቻቸው አዮ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እናት ማለት ነው በኦሮምኛ። አዮ በእኔ እጅ የተሠራውን ምን እንዳለበት ጠይቀውኝ አያውቁም። እንግዶቻቸውም በእሳቸው አምነው ይበላሉ።

ኬኩ ፍራፍሬ ያለበት ነው። ባለፈው ሳምንት ከባቱ መንገድ ዳር የተገዛ ጥሬ ፓፓያ ከትፌ፣ ግማሹን በቀይ ሥር አቅልቼ፣ በስኳር ቀቅዬ አድርቄው ነበር። ዘቢቡንና የተከተፈውን ቴምር ቅርንፉድ በገባበት ጥቁር ሻይ ዘፈዘፍኩ፤ የብርቱካን ልጣጭ ፈቅፍቄ ጨመርኩበትና ሳህን ከድኜበት ቤኪንግ ፓውደር ልገዛ ሱቅ ወጣሁ። ሱቁ ሩቅ አልነበረም፤ ባለሱቁ መልስ ስላልነበረው ግን ቆየሁ።

ስመለስ ሳህኑን ስከፍተው ሽታው ጠንከር ብሎ አፍንጫዬን መታኝ። ልጣጩን አብዝቼዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፍሬውን ከዱቄቱ ጋር አዋሃድኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሊጡን በጣቴ ነካ አድርጌ እቀምስ ነበር። ነገር ግን የነቢያት ጾም ላይ ነበርን፤ ሊጡ ደግሞ እንቁላልና ቅቤ ነበረበት። ጣቴን ታጠብኩና ተውኩት።

ትልቁን ወፍራም ድስት ቡታጋዙ ላይ ጥጄ ከሥሩ ጨው ነሰነስኩ። ጨው ላይ ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ደፍቼ፣ ትንሹን ድስት ዘይት ቀብቼ የፉርኖ ዱቄት አራግፌበት ሊጡን ገልብጬበት እሱ ላይ አስቀመጥኩት። እንፋሎቱ ኬኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ ክዳኑን በፎጣ ጠቀለልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፤ እኔ የማልችለውም እሱን ነው። እሳቱ ከበዛ ሥሩ ያርራል። ካነሰ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ክዳኑን ከከፈትኩት ይሰምጣል። ጋዙስ ቢያልቅ? ሲሊንደሩን እያነቃነቅኩ ክብደቱን ለመገመት ሞከርኩ። የአዳማ ነፋስ በበሩ ሥር አቧራ ይዞ በገባ ቁጥር እየተነሳሁ እሳቱን በካርቶን ከለልኩ።

መጨረሻ ላይ ስቴኪኒ ብሰካበት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ኬኩ ላዩ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ቆንጆ ነበር። ቀዝቀዝ ሲል ገልብጬ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ በአጥሩ በር በኩል አደረስኩት። አዮ ሽታውን ስበው አላህ እጅሽን ይባርክ አሉኝና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ወንዶቹ ልጆች እስከ ነገ አያስተርፉትም ብለው።

ለእራት ሽሮ ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ እናቴ፣ ኬኩ እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ደስ አላት።

«እኔም ረድቼሻለሁ እኮ» አለች። «ሱቅ ስትሄጂ ዘቢቡ ላይ አረቄ ጠብ አደረግኩበት።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ከማኅበር የተረፈችው አረቄ ከቁም ሣጥኑ ሥር እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። እናቴ ሆዷን ሲነፋት እንጂ አትነካትም።

«ለማን እንደሆነ ረሳሽው?» አልኳት።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እውነትም ረስታው ነበር። ሠርግ ቤት ስትረዳ ፍሬው መጠጥ ውስጥ ሲያድር አይታለች፤ የተማረች ልጇ ያንን የማታውቅ መስሏት አዘነችልኝ። የምትረዳኝ ብቻ ነበር የመሰላት። እሳት አልፎበታል፣ ተኗል አለችኝ። ጠብታ ናት አለች። ማንም አያውቅም፣ ነገሩን ካነሳሽው ግን እኔን ከጎረቤቴ ጋር ታጣይኛለሽ፣ የልጅቷንም ነገር ታበላሺያለሽ አለች። የመጨረሻው እውነት መሰለኝ። እንግዶቹ ነገሩን ከሰሙ፣ ለእንግዳ አረቄ የሚያቀርብ ቤት ልጅ አንወስድም ለማለት ምክንያት ያገኛሉ።

ዝም ማለት ይቀለኝ ነበር። ዝም ማለት ሁልጊዜ ይቀለኛል፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ነበርኩ። ሳህኖቹን ሳጥብ ግን የማስበው የልጁን እናት ሳይሆን አዮን ነበር። በእኔ አምነው ለእንግዳቸው ቆርሰው ሲሰጡ፣ ራሳቸውም ሲቀምሱ። ተኝቼም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ፣ አፈረስኩት። ስልኬን አንስቼ ለጓደኛዬ መጻፍ ጀምሬ ሰረዝኩት። እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ አይነገርም።

ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። የእርምጃዋ ድምፅ ሲርቅ የአጥሩን በር ከፍቼ ገባሁ።

አዮ ግቢያቸውን እያስጠረጉ ነበር። «አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ።  ወደ ማዕድ ቤቱ እንዲገቡልኝ ብቻ በእጄ አሳየሁ። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር አንዱም አልመጣልኝም።

«ኬኩ አይቅረብ፣ አዮ» አልኩ። «አረቄ ገብቶበታል።»

የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ።  እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

 እኔ ነኝ ብል ውሸት ነው፤ አይደለሁም ብል እናቴን አሳልፎ መስጠት ነው።

«እናትሽ ናት» አሉ ራሳቸው። በአፍንጫቸው ትንሽ ሳቁ፤ ደስ ያለው ሳቅ ግን አልነበረም። «እሷ እኮ ብትለቂያት ጸበሉም ላይ ጠብ ታደርጋለች። ልጄ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«እንዳትሰማ። ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች፤ ዛሬ የሚበቃት ሐሳብ አላት።» ቁም ሣጥኑን ከፍተው ኬኩን ከነጨርቁ ሰጡኝ፤ ሲሰጡኝ ጣታቸው እንዳይነካው በጨርቁ ጫፍ ያዙት። ያ ከንግግራቸው ሁሉ በላይ አሳፈረኝ። ወደ ቤት ወስጄ አስቀምጬው ስመለስ አዮ የራሳቸውን ብረት ድስት አውርደው ሲያጥቡ ደረስኩ።

«እዚሁ ሥሪ» አሉኝ። «በእኔ ዕቃ፣ እኔ እያየሁ።»

ፓፓያውን እንኳ ከቤት ላምጣ አላልኩም። ቴምር ከእሳቸው፣ ዘቢብ ከእሳቸው፣ ሻዩም ከእሳቸው ፔርሙስ። እንቁላሉን ስሰብር ቅርፊት ገባበት፤ እሳቸው በማንኪያ አወጡት እንጂ አልተናገሩኝም። ሁሉን ነገር ሳህን ውስጥ ከመገልበጤ በፊት አሳየኋቸው፤ እሳቸውም እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የባቱ ሰዎች ተነስተናል ብለው ደውለዋል አሉኝ።

ክዳኑን በፎጣ ጠቅልዬ ከደንኩና እሳቱን ዝቅ አደረግኩ። አዮ በርጩማቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ፣ ተቀመጪ እስኪሉኝ።