በየጣቢያው የቆመው ባቡር

ፈክረዲን እንድሪስ ከኮምቦልቻ መጥቶ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ከሰፈረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዘጠኙን ዓመት በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ከፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነዳ፤ ስድስቱን የከተማ አውቶቡስ ነዳ፤ ከዚያ ፈተናውን አልፎ ባቡር ላይ ወጣ። ባለቤቱ ራዚያ፣ «አሁንማ የምትነዳው መሪ እንኳ የሌለው ነገር ነው፤ ምኑ ያደክምሃል?» እያለች ትቀልድበታለች። እሱም ይስቃል እንጂ አይመልስላትም። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው። ከሥራ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» ቢሉት፣ «ሄድኩ፣ መጣሁ» ነው መልሱ።

ሥራው ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መስመር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሳፈሩትን ሁሉ በመስታወቱ ያውቃቸዋል። ስማቸውን አያውቅም፤ ባለ ቀይ ቦርሳዋን፣ በግራ እግሩ የሚያነክሰውን ሻንጣ ጫኚ፣ ሁልጊዜ በሩ ሊዘጋ ሲል የምትሮጠዋን የሆቴል ሠራተኛ ግን ያውቃል። ለሯጯ ሁለት ሰከንድ ይጨምርላታል። ከሁለት ሰከንድ በላይ አይጨምርም፤ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ የቆሙትም ሰዎች ናቸውና።

ልጁ አርዋ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሁለት ጓደኞቿ ይመጡና የምግብ ጠረጴዛውን ይይዙታል። አንዷ ኤዶም ናት፤ እስከ አስራ ሦስት ዓመቷ አዲስ አበባ ያደገች፣ አነጋገሯ የታረመ ልጅ። ሌላው ኡበይዳ ነው፤ ሌዊስቪል ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን እየሰባበረ የሚናገር፣ ግን የማያፍር። ወረቀት ይዘረጋሉ፣ ባለ ብዙ ገጽ ዳይስ ይወረውራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይሳሳቃሉ።

ፈክረዲን አንድ ቀን፣ «ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

«እንደ ተረት ነው ጋሼ» አለችው ኤዶም። «አርዋ ታሪኩን ትነግረናለች፤ እኛ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች እንሆናለን። ምን እንደምናደርግ እኛ እንናገራለን፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል።»

የአርዋ ተረት የሚሆነው በሁለት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ነው። በዚያ ዘመን ዳላስና ፎርት ዎርዝ ተጋጥመው አንድ ከተማ ሆነዋል፤ ከተማውም በሦስት ደርብ ተነባብሯል። ባለጸጎቹ ላይኛው ደርብ ይኖራሉ፤ ድኻው ከታች፣ ከወንዙ ዳር ነው። ደርቡንና ደርቡን የሚያገናኘው ባቡር ብቻ ነው፤ የባቡሩ ባለቤት ደግሞ አንድ ጨካኝ ካምፓኒ።

የካቲት ውስጥ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቅዳሜ፣ ፈክረዲን ከሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። አርዋ ለጓደኞቿ ስትናገር ሰማት።

«ባቡሩ ከሌዊስቪል ተነስቶ በሰባት ደቂቃ ፎርት ዎርዝ ይገባል። አስራ አራት ጣቢያ አለው።»

ፈክረዲን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አይገባም» አለ።

ሦስቱም ዞሩ። «ምኑ ነው አባ?» አለች አርዋ።

«ባቡሩ። በሰባት ደቂቃ አይገባም።»

«አባ፣ ፊውቸር እኮ ነው። በማግኔት ነው የሚሄደው።»

«ባቡሩ በማግኔት ይሂድ። ሰውም በማግኔት ነው እንዴ የሚወርደው?» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ጋሪ የያዘች እናት አለች። ዊልቸር ያለው አለ። ሦስት ሻንጣ የሚጎትት አለ። በሩ ቢያንስ ቢያንስ ሃያ ሰከንድ ይከፈታል። ሃያ ሰከንድ በአስራ አራት አባዙት።»

ኡበይዳ ስልኩን አወጣ። «አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።»

«ያ ለመቆም ብቻ ነው። በቀረችው ሁለት ደቂቃ ውስጥ አስራ አራት ጊዜ የሚፈተለክ፣ አስራ አራት ጊዜ ፍሬን የሚይዝ ባቡር ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው ጥርሱ አይተርፍም።»

ኡበይዳና ኤዶም በሳቅ ፈነዱ። አርዋ ፊቷ ቀላ። «ኦኬ አባ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይሁን» አለችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ፈክረዲን የልጁን ጨዋታ ያበላሸ መስሎት ሻዩን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ነገሩ ግን አልለቀቀውም። በሳምንቱ፣ በእረፍት ሰዓቱ፣ ጊዜው ባለፈበት የጉዞ ሰሌዳ ጀርባ ላይ በእርሳስ የልጁን ከተማ ባቡር መንደፍ ጀመረ። አንዱን መስመር በሁለት ከፈለው፤ ባቡር ተበላሽቶ ቢቆም ሌላው የሚያልፍበት ሐዲድ አበጀለት፤ ባቡሮቹ የሚያድሩበትንና የሚጠገኑበትን ቦታ ከወንዙ አርቆ አስቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ሊሄድ ሲል አርዋ እጁን ያዘችው።

«ቆይ። ይሄ ትንሹ ካሬ ምንድነው?»

«የሾፌሮቹ መጸዳጃ ቤት ነው። ያንቺ ከተማ ውስጥ አንድም አልነበረም።»

አርዋ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። የሷ ካርታ አስራ አራት ነጥብና አንድ መስመር ነበር። ይሄኛው ግን ሰዎች የሚሠሩበት ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን አብረውን አይጫወቱም?» አለች ኤዶም። ፈክረዲን እምቢ አለ፤ ወንበር ሲስቡለት ግን ተቀመጠ። አርዋ ምን መሆን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ኡበይዳ የብረት ክንድ ያለው ተዋጊ ነው፤ ኤዶም ኮምፒውተር በሐሳቧ የምትሰብር ሴት ናት።

«ሾፌር» አለ ፈክረዲን።

«አባ፣ ምንም ነገር መሆን ትችላለህ እኮ። ክንፍ እንኳን…»

«ሾፌር ነው የምሆነው። ስሙም ይገዙ ይባል።» ይገዙ ድሮ አውቶቡስ መንዳት ያስተማረው ሰው ስም ነው።

«ልዩ ኃይል ያስፈልግሃል አንክል» አለ ኡበይዳ። «ማለቴ፣ ሱፐር ፓወር።»

ፈክረዲን ወደ አርዋ ዞረ። «ሰዓት ያከብራል ብለሽ ጻፊ።»

እንዲህ ሆኖ ጀመረ። መጀመሪያ መጀመሪያ ዳይሱን ሲወረውር በሁለት እጁ ነበር፤ ተራው ሲደርስም፣ «እናንተ እንዳላችሁት» ይል ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ በፈጣን እርምጃ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ሆነ። ራዚያ፣ «በሃምሳ ስምንት ዓመትህ አሁን ገና ልጅነት ጀመረህ?» አለችው፤ ግን ሳምቡሳውን ለአራት ሰው ሳይሆን ለአምስት መጥበስ ጀመረች።

መጋቢት ላይ ትልቁ ጨዋታ መጣ። በአርዋ ታሪክ ወንዙ ሞልቶ ታችኛው ደርብ ይጥለቀለቃል። ካምፓኒው ባቡሮቹ በታችኛው ደርብ ጣቢያዎች ላይ እንዳይቆሙ አዝዟል። ኤዶም የካምፓኒውን ምስጢር በትንሽ ሳጥን ይዛ ወጥታለች፤ ሳጥኑ ፎርት ዎርዝ መድረስ አለበት፤ ዘበኞች እያሳደዷቸው ነው።

«ባቡሮቹ የሚያድሩበትን ዲፖ ሰብረን እንገባለን» አለ ኡበይዳ። «እኔ እተኩሳለሁ።»

«ሺፍት የሚቀየረው ስንት ሰዓት ነው?» አለ ፈክረዲን።

አርዋ አላሰበችበትም ነበር። «ማለቴ… ሦስት ፒኤም።»

«እንግዲያው ልክ በሦስት ፒኤም ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ በዋናው በር እገባለሁ። ሺፍት ሲቀየር ሾፌር ገባ ብሎ የሚደነግጥ ዘበኛ የለም። እናንተ ከኋላዬ መጥረጊያ ይዛችሁ ኑ።»

ዳይሱ ከሃያ አስራ ሰባት አወጣ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ባቡሩን ይዘው ወጡ። ኡበይዳ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበ።

አርዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «የመጀመሪያው ጣቢያ ታየህ። ፕላትፎርሙ በሰው ሞልቷል። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ደርሷል። ዘበኞቹ በሌላ ባቡር ከኋላ እየመጡ ነው።»

«ንዳው! ንዳው አንክል!» አለ ኡበይዳ።

«አቆማለሁ» አለ ፈክረዲን።

«ምን?»

«አባ» አለች አርዋ፣ «ካቆምክ ይደርሱብሃል። እየነገርኩህ ነው።»

«ይድረሱብኝ። ሰው ቆሞ እያየኝ ባዶ ባቡር አላሳልፍም።»

እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም። ራዚያ እንኳ ከኩሽና ብቅ አለች። ፈክረዲን ራሱ ደንገጥ ብሎ ዳይሷን በጣቶቹ አሻሸ፤ ከዚያ ረጋ ብሎ ነገራቸው።

«ያ ከባድ በረዶ የወረደበት ዓመት፣ ባዶ ባቡር ወደ ዲፖ መልስ ተባልኩ። ከላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ በረዶ ይዞ አደገኛ ስለነበር ሰው መጫን አይቻልም። ትእዛዙ ልክ ነበር። አንድ ጣቢያ ላይ አንዲት የሆቴል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ብቻዋን ቆማለች። ባቡሩን ስታይ እጇን አነሳች። አለፍኳት። ትእዛዙ ልክ ነበር፤ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ግን ፊቷን አየሁት።» ዳይሷን አነሳ። «እዚህ ግን ተረት ነው፤ ማን ያዘኛል? አቆማለሁ።»

ፈክረዲን የሌለ ማይክራፎን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ሥራ ላይ በሚናገርበት በዚያ በተለሳለሰ እንግሊዝኛው በሮቹ በቀኝ በኩል እንደሚከፈቱ አስታወቀ። ዳይሱን ወረወሩ፤ ሰዉ ገባ። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይም ቆመ። አንዴ ዳይሱ ሁለት አወጣና በሩ አልዘጋ አለ፤ ኡበይዳ በብረት ክንዱ ገፍቶ ዘጋው፤ የሚተኩስበትን ሰው መፈለግም ተወ። ኤዶም ሕጻናቱን እየተቀበለች ወደ ውስጥ ታሳልፋለች። ሰባተኛው ጣቢያ ላይ ዘጠኝ መቶ ሰው ተጭኗል።

ስምንተኛው ላይ ዘበኞቹ ደረሱባቸው። አርዋ ማስታወሻዋን ገለጠች። ባቡሩ ከቆመ ሁሉም ይያዛሉ ብላ ከሳምንት በፊት የጻፈችው እዚያ ነበር።

«ሶ… ዘበኞቹ ሊፈልጓችሁ ወደ ባቡሩ ይገባሉ…»

«በየት በኩል?» አለች ኤዶም። «መርፌ መጣያ የለም እኮ።»

«በሩ ላይ ደግሞ ጋሪ የያዘች እናት አለች» አለ ኡበይዳ።

አርዋ ማስታወሻዋን አየች፣ አባቷን አየች፤ ሳቋ አመለጣት። «ኦኬ። አልገቡም። ሰው መሃል ጠፋችሁባቸው» አለችና ደብተሯን ዘጋችው። ኡበይዳ ከወንበሩ ዘሎ ፈክረዲንን አቀፈው። መግሪብ ደርሶ ስለነበር እነ ፈክረዲን ሊሰግዱ ተነሱ፤ ኤዶም ጠረጴዛውን አጽድታ ሳህን ደረደረች።

ሲበሉ ራዚያ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታዘጋጅ ሰው ናትና፣ «ያ ሁሉ ሕዝብ ፎርት ዎርዝ ደርሶ የት ያድራል?» ብላ ጠየቀች። «ዘጠኝ መቶ ሰው ቢያንስ ዘጠኝ መቶ ብርድ ልብስ ይፈልጋል። እርጥብ ልብሱንስ የት ያሰጣል?» አርዋ እስክሪብቶ አነሳች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ በሙሉ ስለ ብርድ ልብስ ሆነ፤ ራዚያም «እኔ አልጫወትም» እያለች ከጀርባቸው ቆማ ስታዝ ዋለች።

ወንዙ የሞላበት ጨዋታ ዕለት ማታ አባትና ልጅ ዕቃ ሲያጥቡ አርዋ፣ «አባ፣ ስለዚያች ሴትዮ ነግረኸን አታውቅም» አለችው።

«ምን ይወራል ብለሽ ነው?»

«ሁሉም። ለጌሙ ያስፈልገኛል» አለች፤ ቀጥላም፣ «ማለቴ፣ ለጌሙ ብቻ አይደለም» አለች።

መንጃ ፈቃድ ካወጣች ጀምሮ ባቡር ላይ ወጥታ የማታውቀዋ ልጅ በማግስቱ እሑድ ደብተር ይዛ ኧርቪንግ ጣቢያ ላይ ቆመች። ሾፌር ማነጋገር ስለማይፈቀድ የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ ተቀምጣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች። ፈክረዲን በመስታወቱ አያት፤ ሰዓቷን እያየች በሩ የሚከፈትበትን ሰከንድ ትቆጥራለች። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሲወርድ አገኛትና ተመልሶ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ስምንት ደቂቃዎች ከቸኮላት መሸጫ ማሽኑ አጠገብ ቆመው አንድ ቸኮላት ተካፈሉ። አንድ ጣቢያ ላይ ለምን ሃያ ሁለት ሰከንድ እንደቆመ ጠየቀችው። ስለ ሯጯ ሴት ነገራት። አርዋ ጻፈችው።

በዚያው ሰሞን ሾፌሮች በአገልግሎት ዘመናቸው ተራ የሥራ ሰዓታቸውን የሚመርጡበት ቀን ደረሰ። ፈክረዲን እስከዚያ ቀን ድረስ የቅዳሜን እረፍት ለሌላው ሲተው ኖሯል፤ ቤት ቢውልም የሚሠራው አልነበረውም። ተራው ሲደርስ የቅዳሜ እረፍት ያለበትን መስመር ፈረመ። ከኋላው ተሰልፎ የነበረው የሥራ ባልደረባው ፍቃዱ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየ።

«ምነው ፈክረዲን፣ ሰርግ አለ እንዴ? ያቺን ቅዳሜ ለኔ ታስቀርልኛለህ ብዬ ነበር።»

«ቀጠሮ አለብኝ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«ባቡር መንዳት» አለ ፈክረዲን። ፍቃዱ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ፈክረዲን ግን እስክሪብቶውን አቀበለው፤ ነገሩን አብራርቶ ለመጨረስ ጊዜ አልነበረውም፤ የራሱ ባቡር ሊነሳ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበርና ስለ ጨዋታውና ስለ ይገዙ እያወራለት ወደ ፕላትፎርሙ ወጣ። ፍቃዱም ነገሩ እየጣመው እስከ ባቡሩ በር ድረስ ተከተለው፤ ሲለያዩም፣ «እና ያ ይገዙ የምትለው ሰውዬ፣ ረዳት አይፈልግም?» አለው።