ያልፈተሽኩት ቴስታታ

መኪናዋ በተጎታች የመጣችው ዊንተሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ቱርቦ፣ ለፍጥነት የተሠራች መኪና ናት። ባለቤቷ እዚሁ ሰው አገር ተወልዳ ያደገች፣ ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር የምትኖር ነርስ ነች። እኔ በሳምንት አምስት ቀን ኖርዝ ዮርክ በሰው ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከዳንፎርዝ ጎዳና ጀርባ በተከራየኋት ጠባብ ቦታ ለራሴ። እንዲህ ሆኜ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ሰሞን ግራ ትከሻዬ አልነሣ ብሎኝ ካፖርቴን የምታለብሰኝ ባለቤቴ ነበረች።

«ጋሼ፣ ሀይዌይ ላይ ኦቨርሂት አደረገች» አለችኝ ልጅቷ። «መርፌው ቀዩ ውስጥ ገባ። ኤግዚቱ ቅርብ መስሎኝ ዝም ብዬ ነዳሁ።»

«ምን ያህል ነዳሽ?»

«አስር ሚኒት። ሜይቢ ፊፍቲን።»

አባቷ ከኋላዋ ቆመው ይሰማሉ። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። «እንዲያ ከሆነ ቴስታታውን ጨርሳዋለች» አሉ።

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ቫልቮቹን ተሸክሞ ከላይ የሚገጠመው። ያሁኖቹ ከአሉሚኒየም ስለሚሠሩ ሙቀት ሲበዛባቸው ይሰነጠቃሉ። ከሥሩ የምትነጠፈው ስስ ማሸጊያ፣ ጋርኔሽኗ፣ ብቻ ተቃጥላ ከሆነ እሷን ቀይሮ መግጠም ነው። ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ጋርኔሽን መቀየር ዋጋ የለውም። ስንጥቁ ደግሞ እንደ ፀጉር ስለሚቀጥን በዓይን ላይታይ ይችላል። ለዚህ ነው የሞተር ዕቃ ወደሚፈተሽበት ማሽን ሾፕ ተወስዶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አየር የሚነፋበት። አረፋ ከወጣ ተሰንጥቋል። ይህን ሙያውን ትናንት የጀመረም ያውቀዋል።

በማግስቱ እሁድ ሞተሩን ፈታሁት። ጋርኔሽኑ በአንድ በኩል ተበልቷል። ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝና ደስ አለኝ። ቴስታታውን አጽድቼ በመብራት አገላብጬ አየሁት፤ ምንም የለውም። ማሽን ሾፑ ያለው ስካርብሮ ነው፣ የሚከፍተውም በሥራ ቀን ብቻ። ለመውሰድ አንድ ቀን፣ ለማምጣት ሌላ ቀን ከሥራ ማስፈቀድ ሊኖርብኝ ነው። ያን ሳምንት ሙሉ ቴስታታው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰነበተ። በየማታው ነገ እወስደዋለሁ እያልኩ እተኛለሁ። ቅዳሜ አዲሱ ጋርኔሽን ሲደርስ እንዳለ ገጠምኩት።

ሊወስዷት ሲመጡ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራ ነበር። አባትየው ጆሯቸውን ጣል አድርገው ካዳመጡ በኋላ «ቴስታታው ተፈተሸ?» አሉኝ።

«ተፈትሿል» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁንም በደንብ አላውቅም። አስቤበት አልነበረም። «ጎበዝ» አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ የሚያመኝን ትከሻ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ኮል አደረገች። ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ ነጭ ጭስ ለቅቃ ሀይዌይ ዳር ቆማባታለች። ተጎታቹ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ጠብቃለች።

እንደገና ስፈታው ስንጥቁ ታየኝ። ከጭስ ማውጫው ቫልቭ ተነሥቶ እስከ ካንዴላው ቀዳዳ ይሄዳል። ለማረጋገጥ በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ስካርብሮ ወሰድኩት። ሰውዬው ውሃው ውስጥ ነክሮ አየሩን ሲከፍተው አረፋው ተከታትሎ ወጣ።

ከዚያ ቀጥታ ክሬሰንት ታውን ሄድኩ። አሳንሰሩ ውስጥ የምለውን ሳሰላስል ቆይቼ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋብኝ። አባትየው ሹራባቸውን ደርበው በሩን ከፈቱልኝ፤ ግባ አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ቴስታታው አልተፈተሸም ነበር። ዋሽቼዎት ነው።»

«ለምን?»

«ደክሞኝ ነበር።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ድካምማ ማን የማይደክመው አለ» አሉ። «ደክሞኛል ብትለኝ ሳምንት እንጠብቅህ ነበር እኮ። የጠየቅኩህ ለምን መሰለህ? ሾፌር ነበርኩ። ልጄ ናት የምትነዳው።»

ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ትልልቅ ትራኮች አጠገቤ ያልፉ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ባለፉ ቁጥር መኪናው ሼክ ያደርጋል። ወርጄ ልቁም ወይስ ውስጥ ልሁን፣ አላወቅኩም።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ከተጋጨች መኪና የወጣ ሌላ ቴስታታ አፈላልጌ አገኘሁ። ማሽን ሾፑ ጋ ስሄድ ልጅቷ ዓይኔ እያየ ይሁን ብላ አብራኝ መጣች። ሰውዬው አየሩን ከፈተ። ሦስታችንም ውሃው ላይ አጎንብሰን ጠበቅን፤ አንድም አረፋ አልወጣም። «ኦኬ» አለች። ስመልሳት መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ነበር።

መኪናዋ አሁንም በደንብ ትሄዳለች። ዘይት የሚቀየርላት ግን ሌላ ጋ ነው። አባትየውን ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታቸው አልቀነሰም፣ ስለ መኪና ግን አንሥተውብኝ አያውቁም። ቢያነሡት ይሻለኝ ነበር።

የእሁዱን ሥራ ተውኩት። ለባለቤቴ ምክንያቱን ስነግራት «ትከሻህ ሲል የከረመውን ነው አሁን የሰማኸው» አለችኝ። የመጀመሪያው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለምሳ ቀሰቀሰችኝ። በላሁና ተመልሼ ተኛሁ።