ከሰሞን ማግስት የተቀዳ ደም

ይህ ጉዳይ ያስወጣኝ አንድ በቅሎና አንድ የነፍስ አባት ነው።

ደርግ ወድቆ ቱሪስቱ ወደ ከተማችን ላሊበላ በአውሮፕላን መመላለስ በጀመረባቸው ዓመታት፣ ስኳርና ሳሙና የምሸጥበትን ሱቅ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ላቦራቶሪ አደረግሁት። ኪራዩና ጀኔሬተሩ የእኔ፣ ሙያው የዝናሽ ነበር፤ ከደሴ የመጣች የላቦራቶሪ ቴክኒሻን።

በመጀመሪያው ቀን ዝናሽ ማይክሮስኮፑን ስታስተካክል፣ እኔ በር ላይ ደንበኛ ስጠብቅ ዋልሁ። ጎረቤቴ ብቅ ብሎ፣ «ትናንት ስኳር ሸጥህልን፤ ዛሬ ደግሞ ደማችን ውስጥ ገብተህ ልትመዝነው ነው?» አለኝ።

«የሸጥሁትን መከታተሌ ነው» አልሁት። ስቆ ሄደ፤ አልተመረመረም።

የነፍስ አባቴ ቄስ መርሻ ግን ከብልባላ ድረስ ይመጡ ነበር። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ክኒን ይወስዳሉ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ጣታቸውን ይዘረጋሉ፤ ዝናሽ በመርፌ ነካ አድርጋ ጠብታዋን መለኪያው ላይ ታደርጋለች። ቁጥሩ ሁልጊዜ ደህና ነው።

«አየሽ ልጄ፣ ጾም መድኃኒት ነው» ይሏታል።

አንድ ጊዜ እያነከሱ መጡ። ከእግራቸው አውራ ጣት ሥር የከረመ ቁስል አለ፤ ብዙም አላመማቸውም። ዝናሽ ቁስሉን አየች፤ ቁጥሩን አየች።

«ጋሽ ሞላ፣ እነዚህ ሁለቱ አይስማሙም፤ እንዲህ የማይድን ቁስል የሚወጣው ስኳር ሲበዛ ነው» አለችኝ።

«አባ፣ ሁልጊዜ የሚመጡት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰሞኔን ስጨርስ ነዋ! ደሜን እያፈሰስሁ ቅዳሴ ልገባ ኖሯል?»

ያኔ ገባኝ። ሰሞነኛ ቄስ ተራው በደረሰ ሳምንት እየጾመ፣ ራሱን እየጠበቀ ነው የሚሰነብተው። ሚዛን ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ሳምንትም የገበያው ሚዛን ሁሉ ልክ ነው።

«ሰሞን በሌለበትስ?»

«እሱማ ዝክር አለ፣ ተዝካር አለ። ጠላ ይዘው ሲለምኑኝ ላስከፋቸው?»

ዝናሽ ሌላ ምርመራ እንዳለ ነገረችን። «ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይጣበቃል። ሴሉ እስኪሞት ሦስት ወር ያህል ተሸክሞት ይዞራል። የአንድ ሳምንት ጾም አያስለቅቀውም» አለች። ይህን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም፤ ስኳር የነበረበትን ጆንያ ምንም ያህል ብታራግፈው ጉንዳን ያገኘዋል።

ከክንዳቸው ቀዳች፤ ብልቃጡን በበረዶ ሣጥን አድርጌ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ላክሁት።

«ከፍ ብሎ ቢመጣስ?» አልኋት ብቻዋን ሳገኛት።

«ክኒኑ አልበቃቸውም ማለት ነው። ቁስሉ አጥንት ከገባ እግራቸው ይቆረጣል።»

እግሩ የተቆረጠ ቄስ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። አባ ሌላ ሥራም ሌላ ምኞትም የላቸውም።

ውጤቱ መጣ፤ ደህና ከሚባለው እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ወልድያ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ነገርኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የሦስት ወር ገበታዬን ቆጥራችሁ አወጣችሁብኝ?»

«እኛ አይደለንም አባ፤ የተናገረው ደምዎ ነው።»

«እኔ የአንተን ይህን ሁሉ ዓመት ስሰማ፣ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?»

የውጤቱን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

«ሌላ የነፍስ አባት ፈልግ» ብለው በዚያው እግር ሊሄዱ ተነሡ።

በቅሎዬን አስጫንሁ። «አባ፣ ነፍሴን ይተዋት። እግርዎን ግን መሬት አያስነኩት» አልኋቸው። ወጡባት፤ ሳይመርቁኝ ሄዱ። ለቄስ ያዋሱት በቅሎ መልሱልኝ ተብሎ እንደማይጠየቅ አውቃለሁ።

ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት በቅሎዋ በር ላይ ቆማለች፤ አባ ከላይዋ ናቸው።

«የወልድያው አውቶብስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በጋሸና በኩል አብሬያቸው ወረድሁ። ሐኪሙ ኢንሱሊን አስጀመራቸው፤ አውራ ጣቷን ቆርጦ አነሣት። እግሩ ተረፈ።

ድነው ሲመለሱ ላቦራቶሪው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ሦስት ወር ሙሉ ሳትናዘዝ ከርመሃል አይደል? ና፣ አሁን ደግሞ የአንተ ይለካ።»

ዛሬም ይመጣሉ፤ አሁን በዝክር ማግስት ነው፣ እያጉረመረሙ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው፤ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ሰውየው ለምን በዚያ ቀን እንደመጣ ጠይቁት።

የነፍስ አባቴ ተመልሰውልኛል፤ በዘጠኝ የእግር ጣት ቆመው ይቀድሳሉ። በቅሎዋ ግን እሳቸው ዘንድ ብልባላ ናት።