ጳጉሜ ስድስት

ባለቤቴ ሴት ልጃችንን በወለደች ቀን አረፈች። ቀኑ ጳጉሜ ስድስት ነበር።

ስልኬ ላይ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ የቀን መቁጠሪያ አለኝ። በየዓመቱ እንዲያስታውሰኝ ቀኑን ሞላሁበት። ዓመቱ ዞረ፤ ስልኬ ዝም አለ። ከነቀምቴ መሆኔን ጠቅሼ፣ ፕሮግራሙን ለጻፈው ለማላውቀው ሰው «ፕሮግራምህ ስህተት አለበት» ብዬ ላክሁለት።

በማግስቱ መለሰልኝ።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ እኔም የዚያው አካባቢ፣ የአርጆ ልጅ ነኝ። ጳጉሜ ስድስት በአራት ዓመት አንዴ መሆኗን ረሳኸው እንዴ?»

«አልረሳሁም። በሌሎቹ ዓመታት ታዲያ ቀኔ የት ይግባ?»

ከሁለት ቀን በኋላ ጻፈ፦ «አስተካክዬዋለሁ። ወይ ጳጉሜ አምስት፣ ወይ መስከረም አንድ ብለህ ምረጥ። ለመሆኑ ልደት ነው ሙት ዓመት?»

ከለቅሶው ወዲህ ስለዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ሁለቱም» አልኩት።

ከዚያ የእናቷን ሙት ዓመት ጳጉሜ አምስት፣ የልጄን ልደት መስከረም አንድ ላይ ሞላሁ።