ከወጌሻው ጋር በአንድ መጋዘን

ወታደሮች ከጤና ጣቢያው ሲወስዱኝ ጋወኔን የማወልቅበት ጊዜ አልሰጡኝም። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አሮጌ የእህል መጋዘን ከፍተው አስገቡኝ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ሽንቁር ነው። ወለሉ ላይ የተረፈ በቆሎ እግር ስር ይንኮሻኮሻል፤ አየሩ ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል።

የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማንን አከምክ? ቁስል አከምኩ እንጂ ሰው አልመረጥኩም አልኩ። መልሱን አልወደዱትም።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ከሌሎች እስረኞች መሃል ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ አየሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የአዊ መንደር የሚኖሩ፣ አገር የሚያውቃቸው ወጌሻ ናቸው። እሳቸውም በዚያው ጥያቄ ነበር የታሰሩት። እኔና እሳቸው ግን አንነጋገርም። አንድ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ተነስቼ፣ ወጌሾች ስብራት በቀርከሃ ስንጥር ጥፍር አድርገው እያሰሩ የሰው እጅ ያበሰብሳሉ ብዬ ነበር። ስማቸውን ባልጠራም ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እሳቸውን አየ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልሱም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከደምበጫ የመጣ ገበሬ አስገቡ። ከመኪና ሲያወርዱት ወድቆ ቀኝ ትከሻው ወልቋል። ሆስፒታል ይወሰድ ብዬ ዘቡን ለመንኩት። የሚፈቅደው አለቃ የለም አለኝ። እኔ የወለቀ ትከሻ አመላለስ ተምሬያለሁ፤ በእጄ ግን ሞክሬው አላውቅም፤ ጤና ጣቢያችን ሲመጣ ወደ ሆስፒታል ነው የምንልከው። በቆየ ቁጥር ደግሞ ለመመለስ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ።

"ዶክተር፣ የማርስበት እጄ ነው" አለኝ ገበሬው። ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ።

ሄጄ ሽማግሌው ፊት ቁጭ አልኩ።

"አባቴ፣ ያን ቀን በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም። ቤትዎ መጥቼ ልነግርዎ ይገባ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። "የተናገርከው ግን ውሸት ነበር?"

"አልነበረም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ተነሡ።

እኔ ጋቢ በገበሬው ደረት ዙሪያ አዙሬ ወደ ኋላ ያዝኩ። እሳቸው ክንዱን ይዘው፣ ስለ በሬዎቹ እየጠየቁት፣ ሳይቸኩሉ ሳቡ። የበሬዎቹን ጠባይ እየነገራቸው ሳለ ትከሻው ቀጭ ብሎ ገባ። ከዚያ እጄን ወስደው አጥንቱ የገባበትን ቦታ አስዳሰሱኝ።

ክንዱን በጨርቅ ከደረቱ ጋር አሰሩት። የጣቱን ጥፍር ጫን አድርጌ ስለቀው ደሙ ቶሎ አልተመለሰም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ትንሽ ጠብቋል አልኳቸው። እስረኛው ሁሉ ያየናል። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ነርሱ ጠብቋል ይላል፤ እውነቱን ነው" አሉና በገዛ እጃቸው ፈቱት። ከዚያ ጥፍሩን እንዴት እንደማይ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ዘቡ መጥቶ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ አልጋ ወዳለበት ክፍል እንደምዛወር ነገረኝ።

"በሽተኛዬ እዚህ ነው። የሥራ ባልደረባዬም እዚህ ናቸው" አልኩት።

ግራ ተጋብቶ ቆየና በሩን ዘጋው። ሽማግሌው ሸርተት ብለው ቁርበታቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

ከተፈታን በኋላ ወጌሾችና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በየወሩ አብረው ይቀመጡ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ባልደረቦቼ አጉረመረሙ። መጀመሪያ ቀን ከወጌሾቹ የመጡት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት ወጌሾች አስከትለው መጡ። አሁን ወንበር አይበቃንም።

በቅርቡ አዲስ የተመደበች ጤና መኮንን የወለቀ ክርን አስቸገራትና እንድጠራቸው ጠየቀችኝ። ደወልኩላቸው። መጥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ ጓንት አጠለቁ። ሲገቡ ጤና መኮንኗ ከወንበሯ ተነሥታ ነበር የተቀበለቻቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። በሙያዬ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።