አያ ይመር የጠፉብኝ ቀን

ሥራ የጀመርኩት ጦርነቱ አልፎ መንገዱ በተከፈተበት ክረምት ነው። አክስቴ ዘሃራ ከከተማችን ከሐይቅ ሰው አሰባስባ አዲስ አበባን በርካሽ ታስጎበኛለች። ማደሪያ ዘመድ ቤት፣ ምሳ ከቤት የተቋጠረ ስንቅ፣ መጓጓዣ የከተማ አውቶቡስ፤ የቀረው በእግር ነው። እሷ ፊት መሪ ናት። እኔን ኋላ ጠባቂ አደረገችኝ። የኋላ ጠባቂ መሣሪያ አንድ ቢጫ ጃንጥላና ሁለት ዓይን ነው።

«ሐያት፣ ሥራሽ አንድ ነው» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት። «ሰው አይጥፋብሽ። ከጠፋብሽ ሐይቅ ተመልሰሽ ዓሣ ስትበልቺ ትከርሚያለሽ!»

ዓሣ መበለት ደግሞ አንገፍግፎኛል፤ ሽታው ከእጅ አይለቅም።

ከሁሉ የሰጋሁት ለአያ ይመር ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ስልክ አይዙም፣ ከተማውን አያውቁም። ልጃቸው መናኸሪያ ድረስ መጥታ «አደራሽን» ብላኛለች።

ሙዚየም ገብተን የድንቅነሽ አጥንት ጋ ስንደርስ አያ ይመር አልንቀሳቀስ አሉ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ድንቅነሽ ናት አያ። የድሮ ድሮ ሰው።»

«እስከዛሬ ሳትቀበር?»

«ሰው እንዲያያት ነው።»

«ወይ ወገን ማጣት!» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። አጠገባችን የነበሩ ተማሪዎች ሳቁ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሳቅሁ።

ከሙዚየሙ ወጥተን በአንድ ጠባብ መንገድ ወደ ፌርማታ ስንሄድ የአንዲት ሴትዮ ጫማ ተበጠሰ። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት። ቀና ስል አያ ይመር የሉም።

ወደ ሙዚየሙ ሮጥኩ። ጥበቃው «ከእናንተ ጋር ወጥተዋል እኮ» አለኝ። መጸዳጃ ቤቱ ጋ የሉም፣ ድንቅነሽ ጋ የሉም። ተመልሼ ስነግራት አክስቴ ሰዉን ቆጥራ ደግማ ቆጠረች።

ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ያየሁት የለቅሶ ድንኳን ትዝ አለኝ። እኔ ቆም ሳልል አልፌው ነበር። የሐይቅ ሽማግሌ ግን ለቅሶ አይቶ ያልፋል?

ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከሟች ቤተሰብ ጎን ቁጭ ብለዋል። እግራቸው ሥር ወድቄ በእፎይታ ስንሰቀሰቅ፣ ሴቶቹ የሟች ወዳጅ መስያቸው «አይዞሽ» እያሉ አቀፉኝ።

«አያ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ታዲያ?»

«ወንድሜን በጦርነቱ ጊዜ ሦስት ሆነን ነው የቀበርነው። ድንኳን የለ፣ ተቀማጭ የለ። ዛሬ ይህን ሳይ እግሬ አላልፍ አለኝ።»

አክስቴ ደረሰች። ትጮኻለች ስል ሻርፗን አስተካክላ ከጎናቸው ተቀመጠች። የሐይቅ ሰው ሁሉ ተከትሏት ገባ። የሟች ትልቅ ልጅ ግራ ገብቶት መጣ።

«እናንተ ከየት ናችሁ?»

«ከሐይቅ» አሉ አያ ይመር።

«አባቴ ሐይቅ ዘመድ አለው እንዴ?»

«አሁን አለው።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ንፍሮ ቀረበልን።

ስንወጣ አክስቴን ፈራ ተባ እያልኩ «ዓሣውስ?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ይበልተው» አለችኝ። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ኋላ ጠባቂ ሆናችሁ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ መንገዱን ጠዋት ቀድማችሁ እዩት። ድንኳን ካለበት ሰዓት ጨምሩ።