ዘመናይ ያልወለደችበት ጓዳ

ዘመናይ አብተው ናዝሬት ገበያ አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ጥር ላይ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ አለማየሁ "መቼ ነው የምትሄጂው?" ሲላት፣ "ሚያዝያ ሲገባ" ትለዋለች። ወዴት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። የእናቷ የዘውድነሽ ቤት ከሁሩታ ወረድ ብሎ ነበር። ዘውድነሽ እዚያ ጓዳ ውስጥ አራት ወልዳ ሦስቱን ቀብራለች፤ የቀረቻት ዘመናይ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ከሁሩታ የመጣ እህል ነጋዴ የምትሰፋበት ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ "መንደር ምሥረታው እናንተም ዘንድ ደርሷል" አላት። "ሰው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ሜዳው ወስዶ ይተክላል። እናትሽ ግን እምቢ ብለዋል።"

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ከቤቱ የፊተኛው ክፍል ሣሩ ወርዶ፣ ማገሩ ተነቅሎ በገመድ ታስሯል። ዘውድነሽ አላስነካ ያለችው ጓዳው ብቻ እንዳለ ነው። ግድግዳው ላይ የተለቀለቀው እበት ገና አልደረቀም፤ መደቡ ታድሷል፤ ለገንፎ የተፈተገ ገብስ በማሰሮ ተከድኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዘውድነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች።

"ምነው ቸኮልሽ? ገና ነሽ እኮ።"

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉደታ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው።

"አዴ ዘውድነሽ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ይንገሩኝ" አለ።

"እስከ ግንቦት ተወኝ አልኩህ።"

"ግንቦት ዝናብ ነው፤ እንጨቱ ይበሰብሳል። እስከዚያ ደግሞ እኔን ከሊቀመንበርነት ያነሱኛል።"

"ቢያነሱህ ይሻልሃል። እርሻህን አረም በልቶታል።"

ጉደታ ሳቅ አለና ወዲያው ፊቱ ጨለመ። "የአውራጃ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ። ያላፈረሰ ይታሰራል ብለዋል። እኔ አላሳስርዎትም፤ እነሱ ግን አያውቁዎትም።"

"ይሰሩኝ። ልጄ ሜዳ ላይ አትወልድም።"

ዘመናይ እናቷን አየቻት። ከስታለች፤ ክንዷ ላይ እበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሺ በይ ብላ ብትለምናት እናቷ እምቢታዋን እንደምታጠብቅ ታውቃለች።

"እማዬ፣ እኔ እዚህ አልወልድም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ሆስፒታል ተመዝግቤያለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ።" ውሸት ነበር። "እዚህ መብራት የለ፣ ሐኪም የለ። ጊዜው እንደ ድሮው አይደለም።"

ዘውድነሽ ክንዷ ላይ የደረቀውን እበት ፈቀፈቀች።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ስለቀልቅ ምነው አልነገርሽኝ?"

ጉደታ መሬት መሬቱን ያያል።

"በል ተነሥ" አለችው ዘውድነሽ። "ምን ትጠብቃለህ? የጓዳው ባለቤት አልፈልገውም ብላለች።"

ምሰሶው የተነቀለው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘውድነሽ ገብሱን ለጎረቤት ሰጠችው። ልጇን አውቶቡስ ድረስ አልሸኘቻትም።

ዘመናይ ናዝሬት እንደ ተመለሰች ሆስፒታል ሄዳ ተመዘገበች። ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ዘውድነሽ መጣች። አራስ ልጇን ልታርስ የመጣች እናት ሳምንታት ትቀመጣለች፤ እሷ ግን በር አጠገብ ወንበር ይዛ፣ ያመጣችውን ቅቤ ለአለማየሁ አስረክባ፣ ምጣድ የት እንዳለ እንኳ ሳትጠይቅ አንድ ሌሊት አደረች። ሕፃኗን አቅፋ "ታምራለች" አለች። መልሳ ለአለማየሁ ሰጠችው።

ጠዋት ዘመናይ ሕፃኗን ጡት እያጠባች፣ "እማዬ፣ ያን ቀን የነገርኩሽ..." ብላ ጀመረች።

"ተይው" አለች ዘውድነሽ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። "ሐኪም ቤት በመውለድሽ ደግ አደረግሽ። የአዲሱ ቤቴ ጣራ ያፈሳል።"

ዘመናይ እውነቱን ብትናገር፣ እናቷ ያንን ጓዳ ያስፈረሳት ከእስር ሊያድናት የተነገረ ውሸት እንደሆነ ልታውቅ ነው። እውነቱ ወይስ ውሸቱ ይበልጥ እንደሚያቆስላት መለየት አቃታት፤ ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረች። ዘውድነሽ በዚያው ክረምት፣ በሚያፈሰው ጣራ ሥር ሳንባዋን ብርድ መቷት ሞተች፤ ልጇ የእሷን ጓዳ የናቀች መስሏት።